ዳግም ዘር ያለበትን እኩልታ ስለ መፍታትና መልሱን ስለ መመርመር

አራቱ ጎኖቹ እኩል የሆኑ፥ ማዕዘኖቹም ቀጥ ያሉ አንድ ቦታ ቢኖር፥ የያንዳንዱም ጎን ርዝመት 12 ክንድ ቢሆን፥ ስፋቱ 12 ጊዜ 12፥ ማለት 144 ካሬ ክንድ ነው። ይህን ማባዛት የተማረ ልጅ ሁሉ ያደርሰዋል። ጥያቄው ሲገለበጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስፋቱ 144 ካሬ ክንድ መሆኑ ታውቆ የጎኑ ርዝመት ቢጠየቅ፥ በራሱ ተባዝቶ 144 የሚሰጠውን ቁጥር መፈለግ ያስፈልጋል። አንድን ቁጥር በራሱ ማባዛት ዳግም ርቢ ይባላል፤ ከርቢው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ቁጥር መመለስ ደግሞ ዳግም ዘር ማውጣት ይባላል። የ12 ዳግም ርቢ 144 ነው፤ የ144 ዳግም ዘር 12 ነው። በጽሕፈትም 12² = 144፥ √144 = 12 ተብሎ ይጻፋል።

√ የተባለው ምልክት በመጀመሪያ በታተመ መጽሐፍ የታየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1525 ክሪስቶፍ ሩዶልፍ በጀርመንኛ ባሳተመው የአልጀብራ መጽሐፍ ነው። ሁለቱን ወገኖች የሚያስተካክለው = የተባለው ምልክትም የዌልስ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ሮበርት ሬኮርድ በ1557 ያወጣው ነው፤ እኩል ከሆኑ ሁለት ትይዩ መስመሮች ይልቅ የሚተካከል ነገር አይገኝም ብሎ ስላሰበ እንዲህ አድርጎ ሣለው። ትምህርቱ ራሱ ግን ከምልክቶቹ ብዙ ዘመን ይቀድማል። አልጀብራ የሚለው ስም የተገኘው አልኽዋሪዝሚ የተባለው ሊቅ በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በባግዳድ ከጻፈው መጽሐፍ አርእስት ነው። በዐረብኛ ጀብር ማለት ጎደሎውን መመለስ፥ የተሰበረውን መጠገን ማለት ነው፤ አጥንት ለሚጠግን ወጌሻ ሥራም ያው ቃል ይነገራል። ያ ሊቅ ያልታወቀውን ቁጥር ጂዝር፥ ማለት ሥር፥ ይለው ነበር፤ በራሱ የተባዛውንም ማል፥ ማለት ሀብት፥ ይለዋል። በአማርኛም ዘርና ርቢ መባሉ ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም፤ ዘሩ ሲበዛ ርቢ ይሆናልና።

እኩልታ ማለት በሁለት ወገን የተጻፈ፥ ሁለቱም ወገኖች የሚተካከሉበት የሒሳብ ቃል ነው። ያልታወቀው ቁጥር በዚህ ጽሑፍ ሀ ተብሎ ይጻፋል። ያልታወቀው ቁጥር ከ√ ምልክት በታች የተገኘ እንደ ሆነ፥ እኩልታው ዳግም ዘር ያለበት እኩልታ ይባላል። ይህ ዓይነት እኩልታ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ተማሪው አንድም ስሕተት ሳይሠራ፥ ደንቡን ሁሉ ጠብቆ፥ መጨረሻው ላይ ሐሰተኛ መልስ ሊያገኝ ይችላል። በመደመርና በማካፈል ትምህርት የተሳሳተ መልስ የሚገኘው የተሳሳተ ሥራ በመሥራት ነው፤ በዚህ ግን ትክክለኛ ሥራ ራሱ ሐሰቱን ከእውነቱ ጋራ አብሮ ያመጣዋል። መምህሩ የዚህን ምክንያት አጥርቶ ያልተረዳ እንደ ሆነ፥ ልጁ ሐሰቱን መልስ ሲጽፍ እርሱም ትክክል ነው ብሎ ያልፈዋል።

ትምህርቱ ከቀላሉ ይጀመር። መምህሩ በክር ጫፍ ትንሽ ድንጋይ አስሮ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠልጥል፤ ጥቂት ወደ ጎን ስቦ ይልቀቀው። ድንጋዩ ሄዶ ወደ ተለቀቀበት እስኪመለስ የሚፈጅበት ጊዜ በክሩ ርዝመት ይወሰናል። ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ርዝመቶቹ እንደ ጊዜዎቹ ዳግም ርቢ መሆናቸውን ጽፏል፤ ማለት ጊዜው እጥፍ ይሆን ዘንድ ክሩ አራት እጥፍ መርዘም አለበት። ርዝመቱ በሜትር፥ ጊዜው በሰከንድ የተቆጠረ እንደ ሆነ፥ ጊዜው ከርዝመቱ ዳግም ዘር እጥፍ ጋራ እጅግ ይቀራረባል። የ1 ሜትር ክር 2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። እንግዲህ ክሩ ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ታስሮ ጫፉ አይደረስበትም እንበል፤ ልጆቹ ሲቆጥሩ ድንጋዩ በአንድ ደቂቃ 20 ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። አንዱ ምልልስ 3 ሰከንድ ነው። እኩልታው

2√ሀ = 3

ይሆናል። ሁለቱም ወገን ለ2 ሲካፈል √ሀ = 1.5 ይገኛል፤ ሁለቱም ወገን በራሱ ሲባዛ ሀ = 2.25 ይሆናል። ክሩ 2 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። መሰላል አምጥቶ መለካት ለልጆቹ ታላቅ ደስታ ነው። በጥቂት ሳንቲ ሜትር የሚለይ ቢሆን አያስደንቅም፤ ርዝመቱ የሚለካው ክሩ ከታሰረበት እስከ ድንጋዩ መካከል መሆኑን ግን ማስታወስ ይገባል።

በዚህ ምሳሌ የሥራው መንገድ ሁሉ ታይቷል። መጀመሪያ ዘሩን ከሌላው ነገር ለይቶ ብቻውን በአንድ ወገን ማስቀረት፤ ቀጥሎ ሁለቱን ወገኖች በየራሳቸው ማባዛት፤ ከዚያ ወዲያ የቀረውን እንደ ተራ እኩልታ መፍታት ነው። ሐሰተኛ መልስም እስካሁን አልመጣም። የሚመጣው እንደሚከተለው ነው።

√ሀ = −4 የሚል እኩልታ በሰሌዳ ይጻፍ። ሁለቱም ወገን በራሱ ሲባዛ ሀ = 16 ይሆናል። ነገር ግን √16 ማለት 4 ነው እንጂ −4 አይደለም። መልስ ተብሎ የተገኘው 16 የመጀመሪያውን ቃል አይፈጽምም፤ ይህም እኩልታ ምንም መልስ የለውም። እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ −4 በራሱ ሲባዛ 16 አይደለምን? ነው። ከዜሮ በላይ የሆነ ቁጥር ሁሉ ሁለት ዘር አለው፤ የ16 ዘሮች 4 እና −4 ናቸው። የ√ ምልክት ግን ከሁለቱ ከዜሮ በታች ያልሆነውን ብቻ እንዲያመለክት ሊቃውንት ተስማምተዋል፤ አንድ ምልክት በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የሚናገር ቢሆን ሒሳቡ ሁሉ ይደበላለቅ ነበርና። ሁለቱ ዘሮች የተፈለጉ እንደ ሆነ √16 እና −√16 ተብሎ ለየብቻ ይጻፋል።

እንግዲህ የሐሰተኛው መልስ ምንጭ ይህ ነው፤ በራስ ማባዛት ምልክትን ያጠፋል። የ3 ብር ሀብት 3 ተብሎ፥ የ3 ብር ዕዳም −3 ተብሎ ቢጻፍ፥ እነዚህ ሁለት ነገሮች እጅግ የተለያዩ ናቸው፤ ባለ ዕዳውና ባለ ሀብቱ ይህን በደንብ ያውቁታል። በራሳቸው የተባዙ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም 9 ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ 9ኙን ብቻ ያየ ሰው ከዕዳ የመጣ ይሁን ከሀብት የመጣ ሊያውቅ አይችልም። ሁለት ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ርቢዎቻቸው እኩል ናቸው፤ ይህ ሁልጊዜ እውነት ነው። ርቢዎቻቸው እኩል ስለ ሆኑ ግን ቁጥሮቹ እኩል ናቸው ማለት አይቻልም። ላም ሁሉ አራት እግር አላት፤ አራት እግር ያለው ሁሉ ግን ላም አይደለም። ሁለቱን ወገኖች በራሳቸው ማባዛት ስለዚህ መሄጃ እንጂ መመለሻ የሌለው መንገድ ነው።

አሁን በሙሉ የሚሠራ ምሳሌ ይቅረብ።

√(ሀ + 7) + 5 = ሀ

ዘሩ ብቻውን ይቀር ዘንድ 5 ወደ ሌላው ወገን ይሻገራል፤ √(ሀ + 7) = ሀ − 5 ይሆናል። ሁለቱም ወገን በራሱ ሲባዛ ሀ + 7 = ሀ² − 10ሀ + 25 ይገኛል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲሰበሰብ ሀ² − 11ሀ + 18 = 0 ነው። ተባዝተው 18፥ ተደምረው 11 የሚሆኑት ቁጥሮች 9 እና 2 ስለ ሆኑ፥ (ሀ − 9)(ሀ − 2) = 0 ተብሎ ይጻፋል፤ ሀ ወይ 9 ወይ 2 ነው።

ብዙ ተማሮች እዚህ ደርሰው ያቆማሉ፤ ከሥሩም መስመር አስምረው ሁለቱንም መልስ ያስረክባሉ። ይመርመር። ሀ በ9 ቢተካ √16 + 5 = 4 + 5 = 9 ነው፤ ልክ ነው። ሀ በ2 ቢተካ √9 + 5 = 3 + 5 = 8 ነው፤ 8 ደግሞ 2 አይደለም። ስለዚህ መልሱ 9 ብቻ ነው። 2 ከየት መጣ? ሀ 2 ሲሆን ሀ − 5 ማለት −3 ነው፤ √(ሀ + 7) ግን 3 ነው። ዕዳና ሀብት በራሳቸው ተባዝተው 9 በ9 ሆነው ተመሳሰሉ። ምርመራው የሚደረገው ከሁሉ በፊት በተጻፈው እኩልታ ላይ መሆኑን መምህሩ አጥብቆ ይናገር። ተማሪው ድካሙን ለማሳጠር በመካከሉ መስመር፥ ማለት ሀ + 7 = ሀ² − 10ሀ + 25 በሚለው ላይ የመረመረ እንደ ሆነ፥ 2 ያለ አንዳች ነቀፋ ያልፋል፤ በአንዱ ወገን 9፥ በሌላውም 4 − 20 + 25 = 9 ይሆናልና። ሐሰቱ የገባው ከዚያ መስመር በፊት ስለ ሆነ፥ ከዚያ መስመር ወዲህ ያለ ፈተና ሊያጋልጠው አይችልም።

ከዚህ ሌላ ተማሮች አዘውትረው የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ፤ አንዳንድ መምህራንም ሲቸኩሉ ይገቡበታል። ይኸውም ሁለት ነገሮች ተደምረው በአንድ ወገን ሲገኙ፥ ድምራቸውን በራሱ እንደ ማባዛት እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ማባዛት ነው። ለምሳሌ፦

√(ሀ + 5) + √ሀ = 5

የሚለውን ሲያይ ተማሪው ፈጥኖ ሀ + 5 + ሀ = 25፥ ስለዚህ ሀ = 10 ብሎ ይጽፋል። ይህ ከላይ እንደ ተባለው ሐሰተኛ መልስ አይደለም፤ የሥራ ስሕተት ነው። ሁለቱን መለየት ይገባል፤ የመጀመሪያው በምርመራ ይወገዳል፥ ይኸኛው ግን እውነተኛውን መልስ ጨርሶ ያጠፋዋል። ስሕተቱን በቃል ከመንቀፍ በመሬት ላይ ማሳየት ይሻላል። መምህሩ በግቢው አፈር ላይ እያንዳንዱ ጎኑ 5 ርምጃ የሆነ እኩል አራት ማዕዘን ያስምር፤ ጎኑንም 3 እና 2 አድርጎ ይክፈለው፥ ከክፍሉም ላይ በሁለቱ አቅጣጫ ቀጥ ያለ መስመር ይሳብ። መሬቱ አራት ቦታ ይሆናል። አንዱ 3 በ3፥ ማለት 9 ነው፤ አንዱ 2 በ2፥ ማለት 4 ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ግን እያንዳንዳቸው 3 በ2፥ ማለት 6 ናቸው። ሁሉም ሲደመር 25 ነው። ለየብቻ ያባዛ ተማሪ 9 እና 4ን ብቻ ቆጥሮ 13 አገኘ፤ ሁለቱን የ6 ቦታዎች ለማንም ሳይሰጥ ሜዳ ላይ ጣላቸው። መሬት ሲካፈል ያየ ሽማግሌ ይህን ሥዕል ከተማሪው ይልቅ ፈጥኖ ያስተውለዋል፤ ከመሬቱ ግማሽ ያህሉ ጠፍቶ ዝም የሚል ወራሽ የለምና።

ትክክለኛው መንገድ አንዱን ዘር ወደ ሌላው ወገን ማሻገር ነው፤ √(ሀ + 5) = 5 − √ሀ ይሆናል። ሁለቱም ወገን በራሱ ሲባዛ ሀ + 5 = 25 − 10√ሀ + ሀ ይገኛል። 10√ሀ የተባለው የሁለቱ የጎን ቦታዎች ፋንታ ነው። ሀ በሁለቱም ወገን ስላለ ይጠፋል፤ 10√ሀ = 20፥ √ሀ = 2፥ ሀ = 4 ይሆናል። ሲመረመር √9 + √4 = 3 + 2 = 5፤ ልክ ነው። ችኩሉ ያገኘው 10 ቢመረመር √15 + √10 ከ7 ይበልጣል። ምርመራ እንግዲህ ሐሰተኛውን መልስ ብቻ ሳይሆን የሥራ ስሕተትንም ያጋልጣል። ሁለት ዘር ባለበት እኩልታ ብዙውን ጊዜ ማባዛቱ ሁለት ጊዜ ይደረጋል፤ በያንዳንዱም ጊዜ ሐሰት ሊገባ ይችላል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የቆየ መሆኑን ለማወቅ የሚወድ፥ በ1114 የተወለደው የህንድ ሊቅ ባስካራ በ1150 ሊላቫቲ በተባለው መጽሐፉ ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱን ይመልከት። ነገሩ ስለ ንብ መንጋ ነው። ከመንጋው ግማሽ የሆነው ቁጥር ዳግም ዘሩ ያህል ንቦች ወደ ጃስሚን አበባ ሄዱ፤ ከመንጋውም ከ9 እጅ 8ቱ እጅ ሄደ፤ የቀሩት ሁለት ናቸው፥ አንዱ በመዓዛ ተስቦ ገብቶ ሌሊት አበባው የተዘጋበት፥ ሁለተኛይቱም ከውጭ ሆና ድምፁን እየሰማች የምትመልስለት። መንጋው ስንት ነው? መንጋው ሀ ቢባል

√(ሀ ÷ 2) + 8ሀ ÷ 9 + 2 = ሀ

ይሆናል። ይህን ለመፍታት ከማባዛት የቀለለ ብልሃት አለ። የመንጋው ግማሽ ዘር ስለሚወጣለት፥ ያ ዘር ለ ይባል፤ የመንጋው ግማሽ ለ²፥ መንጋው ሁሉ 2ለ² ይሆናል። እኩልታው ለ + 16ለ² ÷ 9 + 2 = 2ለ² ነው። ሁሉም በ9 ሲባዛ 9ለ + 16ለ² + 18 = 18ለ²፤ ሲሰበሰብ 2ለ² − 9ለ − 18 = 0፤ ይህም (ለ − 6)(2ለ + 3) = 0 ነው። ለ ወይ 6 ወይ −1.5 ሆነ። ለ 6 ከሆነ መንጋው 2 ጊዜ 36፥ ማለት 72 ነው፤ ለ −1.5 ከሆነ መንጋው 4.5 ነው።

ተማሮች እዚህ ላይ ይስቃሉ፤ ግማሽ ንብ የለምና 4.5 ይጣላል ይላሉ። መጣሉ ልክ ነው፥ ምክንያቱ ግን ልክ አይደለም፤ መምህሩም በሳቁ ተስቦ ይህን ማሳለፍ የለበትም። ጥያቄው ስለ ንብ መሆኑ ቀርቶ ስለ ማር ቢሆን፥ አራት ኪሎ ተኩል ማር በገበያ ያለ ነገር ነው፤ መልሱ ግን ያው ሐሰት ነው። የሚጣለው ሲመረመር ስለማያልፍ ነው። የ4.5 ግማሽ 2.25፥ ዘሩም 1.5 ነው፤ ከ9 እጅ 8ቱ እጅ 4 ነው፤ ከ2 ጋራ ሲደመር 7.5 ሆነ እንጂ 4.5 አልሆነም። 72 ሲመረመር ግን የ36 ዘር 6፥ ከ9 እጅ 8ቱ እጅ 64፥ ከ2 ጋራ 72፤ ልክ ነው። ብልሃቱን የሚጠቀም ሰው ለ ራሱ ከዜሮ በታች ሊሆን እንደማይችል ከመጀመሪያው ቢያስብ፥ √ ከዜሮ በታች አይሰጥምና፥ −1.5ን ወዲያው ይጥለው ነበር። ባስካራ ራሱ አንድ ቁጥር ከዜሮ በላይና ከዜሮ በታች የሆኑ ሁለት ዘሮች እንዳሉት፥ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ግን ዘር እንደሌለው አስተምሯል።

ንቡ ለጨዋታ ያህል ነው፤ የሚከተለው ግን ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ነው። አንድ የውሃ ጉድጓድ ተቆፍሮ ጥልቀቱ ያልታወቀ እንደ ሆነ፥ ምን ያህል ገመድ እንደሚገዛ ለማወቅ ጠጠር ጥሎ ድምፁ እስኪሰማ መቁጠር ይቻላል። ጠጠሩ ታጥቦ ይጣል፤ ሰው የሚጠጣው ውሃ ነውና። የሚወድቅ ድንጋይ በሰከንድ ተቆጥሮ የጊዜው ዳግም ርቢ በ5 ሲባዛ የሚገኘውን ያህል ሜትር ይወርዳል፤ በትክክል 4.9 ነው፥ 5 ግን ለማስላት ይቀላል። ስለዚህ ጥልቀቱ ሀ ሜትር ከሆነ ለመውደቅ √(ሀ ÷ 5) ሰከንድ ይፈጃል። ድምፅ ደግሞ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ ወደ ላይ ለመመለስ ሀ ÷ 340 ሰከንድ ይፈጃል። ድምፁ ጠጠሩ ከተለቀቀ 3 ሰከንድ ቆይቶ ከተሰማ፥

√(ሀ ÷ 5) + ሀ ÷ 340 = 3

ነው። ድምፁ የሚመለስበትን ጊዜ የዘነጋ ሰው 5 ጊዜ 9፥ ማለት 45 ሜትር ብሎ ይገምታል። ያልዘነጋው ደግሞ እንደ ንቡ ብልሃት √(ሀ ÷ 5)ን ለ ይበለው፤ ሀ = 5ለ² ይሆናል። እኩልታው ለ + ለ² ÷ 68 = 3፥ በ68 ሲባዛ ለ² + 68ለ = 204 ነው። እዚህ ላይ አልኽዋሪዝሚ ያስተማረው መንገድ ያገለግላል። የ68 ግማሽ 34፥ የ34 ርቢ 1156 ነው፤ ይህ በሁለቱም ወገን ሲደመር (ለ + 34)² = 1360 ይሆናል።

የ1360 ዘር ሙሉ ቁጥር አይደለም፤ ሠንጠረዥም ሆነ የሒሳብ መኪና በሌለበት ትምህርት ቤት መምህሩ የእስክንድርያው ሄሮን በ1ኛው መቶ ዓመት የጻፈውን ዘዴ ይጠቀም። ሄሮን የ720ን ዘር ሲፈልግ በግምት 27ን ያዘ፤ 720ን ለ27 አካፍሎ 26 ከ2/3 አገኘ፤ ሁለቱን ደምሮ ግማሹን ሲወስድ 26 ከ5/6 ሆነ። ይህ በራሱ ቢባዛ ከ720 የሚበልጠው በ1/36 ብቻ ነው። በዚሁ መንገድ የ1360 ግምት 37 ይሁን፤ 1360 ለ37 ሲካፈል 36.757 ያህል ነው፤ የሁለቱ ድምር ግማሽ 36.878 ነው፤ ይህም ይበቃል።

እንግዲህ ለ + 34 ወይ 36.878 ወይ −36.878 ነው፤ ለ ራሱም ወይ 2.878 ወይ −70.878 ይሆናል። በመጀመሪያው ጥልቀቱ 41 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በሁለተኛው ግን የ70.878 ርቢ በ5 ሲባዛ ከ25,000 ሜትር ይበልጣል፤ 25 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ማለት ነው! ሲመረመር ለመውደቅ ብቻ 70 ሰከንድ ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ ነው፤ ድምፁም ለመመለስ ሌላ 74 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ የተቆጠረው ግን 3 ሰከንድ ነው። ሐሰቱ በዚህ ምሳሌ ዐይን የሚወጋ ስለ ሆነ ማንም አይታለልም። የሚያሳስበው ሐሰተኛው መልስ እንደ እውነተኛው የሚመስልበት ጊዜ ነው፤ ከላይ በ9 እና በ2 መካከል ለመምረጥ መልክ አይበቃም ነበር።

ስለዚህ ጉድጓድ አንድ ነገር ይጨመር። የሰው እጅ ሰዓት ሲይዝ ይዘገያል፤ በዚህ ጥልቀት የአንድ ሰከንድ አምስተኛ እጅ ስሕተት ልኩን 5 ሜትር ያህል ያዛባል፤ ድምፁን በመዘንጋት ከሚመጣው 3 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። በ5 ፋንታ 4.9 የተያዘ እንደ ሆነም ጥልቀቱ 40 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ስለዚህ ጠጠሩ አምስት ስድስት ጊዜ ይጣል፤ የጊዜዎቹም አማካይ ይወሰድ፤ ገመዱም ተረፍ አድርጎ ይገዛ። እኩልታ የተሰጠውን ልክ በትክክል ይፈታል እንጂ የተሳሳተ ልክ አያቃናም።

መምህሩ የተማሮችን ጽሑፍ ሲያርም ምርመራው ያልተጻፈበትን ሥራ ያልተፈጸመ አድርጎ ይቁጠረው፤ መልሱ ትክክል ሆኖ ቢገኝም እንኳ። በሌላ ትምህርት መመርመር የጥንቃቄ ሥራ ነው፥ በዚህ ግን የመፍትሔው አንድ ክፍል ነው፤ ያለ እርሱ ተማሪው ያወቀው መልሱ ከእነዚህ ቁጥሮች ውጭ አለመሆኑን ብቻ ነው። ደግሞም ተማሮች ይህን ትምህርት ከሰሙ በኋላ በተቃራኒው ይሳሳታሉ፤ ሁልጊዜ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው ብለው ትልቁን ይይዛሉ፥ ትንሹን ይጥላሉ። ይህም እንደ ፊተኛው ያለ ስንፍና ነው። ለዚህ መድኃኒት የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች ቀጥሎ ቀርበዋል፤ ልጆቹ ብቻቸውን ይሥሯቸው፤ ሠርተውም እስኪጨርሱ መምህሩ ምንም አይንገራቸው።

የመጀመሪያው √(ሀ + 12) = ሀ ነው። በማባዛት 4 እና −3 ይገኛሉ፤ ሲመረመሩ 4 ያልፋል፥ −3 ይወድቃል፤ √9 ማለት 3 ነውና። ሁለተኛው √(3ሀ − 2) = ሀ ነው። የሚገኙት 1 እና 2 ናቸው፤ √1 = 1፥ √4 = 2 ስለ ሆነ ሁለቱም እውነተኛ መልሶች ናቸው፥ አንዱን የጣለ ተማሪ ተሳስቷል። ሦስተኛው ሀ + √(5ሀ − 6) = 0 ነው። ዘሩ ብቻውን ሲቀር √(5ሀ − 6) = −ሀ፥ ሲባዛ ሀ² − 5ሀ + 6 = 0 ይሆናል፤ 2 እና 3 ይገኛሉ። ሀ በ2 ቢተካ 2 + √4 = 4፥ በ3 ቢተካ 3 + √9 = 6 ነው፤ ሁለቱም ዜሮ አይሆኑም፥ እኩልታውም መልስ የለውም።